ጊዮርጊስና የፈረሱ ገብስ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በእንጅባራ ሜዳ በዓሉን ሲያከብር፥ ፈረሱ በግላስ አጊጦ ሲሰግር ማየት ደስ ያሰኛል። በ1932 ዓ. ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ፈረስ በዓድዋና በአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ ያስባል። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የዓድዋም ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም.፥ በዚሁ ሰማዕት ዕለት ነው። ስለዚህ ስለ ድሉ የሚነገረው ሁሉ ከሰማዩ ፈረሰኛ ቢጀምር አያስደንቅም። እኛ የምንነቅፈው እዚያው ጀምሮ እዚያው የሚጨርሰውን ተራኪ ነው።

ታቦተ ጊዮርጊስ ከሠራዊቱ ጋር ዘምቷል። ነገር ግን ዐዋጁ የታወጀው በመስከረም፥ ውጊያው የሆነው በየካቲት ነው። በመካከሉ ያሉት ወራት የማን ናቸው? መቶ ሺህ የሚያህል ሰው፥ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ከጎጃም የተነሣው ጭምር፥ ትግራይ እስኪደርስ ምን በላ? ስንቅ ያሰናዱት ሴቶች፥ በቅሎ ነጂው፥ ሣር ዐጫጁ በትረካው ውስጥ የሉም። በመቀሌ እቴጌ ጣይቱ ውሃው እንዲያዝ ባይመክሩ ኖሮ ምሽጉ በጥም ባልተጨነቀ ነበር። ባሻ አውአሎምም ጠላትን ያታለለው በብልሃት ነው።

በሌላው ወገን ሁሉን በስሌት የሚፈታ ጸሐፊ አለ። እርሱንም አንቀበለውም። የምኒልክ ስንቅ እያለቀ ነበር፤ የተራበ ሠራዊት ሳይበተን የቆየበትን ልብ ስሌት አይፈታውም። የባራቲዬሪ ካርታ ተሳስቶ የአልቤርቶኔ ጦር ከሌሎቹ ርቆ መሄዱንም የእኛ ሰው አላቀደውም። ምእመኑ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ቢል ክርክር የለንም።

የሚያስጨንቀን ማይጨው ነው። በመጋቢት 1928 ዓ. ም. እዚያ የወደቀው ሰው አልጸለየምን? ድልን በእምነት ብቻ የሚተረጉም ሰው፥ ሳያስበው፥ የማይጨውን ሙታን እምነት የጎደላቸው ያደርጋቸዋል። በዚያ ዘመቻ ሠራዊታችንን የፈጀው ግን አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነበር። አባቱን በማይጨው ያጣ ሰው ይህን ትረካ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ተራኪዎቻችን አስበውት ያውቃሉ?

ፈረሰኛው ከመቀመጡ በፊት ያማትባል፤ ኮርቻው መጥበቁንም በእጁ ይፈትናል። ፈረስ ለረጅም ጉዞ ስንት ወር እንደሚቀለብ፥ ገብሱ እንዴት እንደሚሰጠው፥ ዳገት ላይ መቼ እንደሚወረድለት የሚያውቁ ሽማግሌዎች በእንጅባራና በዳንግላ አሉ። የዓድዋን ፈረሰኛ ታሪክ የሚጽፍልን ሰው አስቀድሞ እነርሱን ይጠይቅልን።