ሸክላና ናይለን፦ የአንድ ምርምር ውጤትና የአተረጓጎሙ ጉድለት

ናኖ መዋቅር ስላላቸው ፖሊመሮች የሚያወሱ ጽሑፎች አዘውትረው ከሚጠቅሷቸው ምርምሮች አንዱ፣ በጃፓን የቶዮታ ማዕከላዊ የምርምር ላቦራቶሪ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት የናይለን 6 እና የሸክላ ውሑድ ጥናት ነው። ጥናቱ በእርግጥም ሊጠቀስ የሚገባው ነው፤ የሚያሳዝነው ግማሹ ብቻ መጠቀሱ ነው።

የሚጠቀሰው ግማሽ የታወቀ ነው። በክብደት 4 በመቶ ያህል ሞንሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን የገባበት ናይለን፣ ሲሳብ የሚቋቋመው ጫና ከ69 ወደ 107 ሜጋፓስካል ከፍ ብሏል፤ ጭነት ተሸክሞ ቅርጹን የሚለቅበት ሙቀትም ከ65 ወደ 145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ከዚህ በመነሣት «ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ቁሱ ይጠነክራል» የሚል ድምዳሜ ለተማሪው ይቀርባል።

የተዘለለው ግማሽ እዚያው ተመዝግቧል። ማዕድኑ 5 በመቶ ሆኖ በተለመደው ዘዴ ከናይለን ጋር ሲደባለቅ የተገኘው 61 ሜጋፓስካል ነው፤ ይኸውም ምንም ካልተጨመረበት ናይለን እንኳ ያነሰ ነው። የማዕድኑ ንጣፎች በሁለቱም ዘንድ 1 ናኖሜትር ያህል ውፍረት አላቸው። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ማነስ ሳይሆን መለያየት ነው። በሁለተኛው ናሙና ንጣፎቹ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ገጾች ተደራርበው ቀርተዋል። በመጀመሪያው ግን በንጣፎቹ መካከል የነበረው ሶዲየም አስቀድሞ በአንድ ኦርጋኒክ አሲድ ተተክቷል፤ የናይለኑ መነሻ የሆነው ካፕሮላክታምም በመካከላቸው ገብቶ እዚያው ወደ ፖሊመርነት ተለውጧል። የሚያድጉት ሰንሰለቶች ንጣፎቹን ገፍተው አለያይተዋቸዋል።

መምህራን ለውሑድ ቁሶች የሚሰጡት የጭቃና የጭድ ምሳሌ መልካም ቢሆንም እዚህ ላይ ያሳስታል። ጭቃ በእግር ተረግጦ ሲቦካ ጭዱ ይሠራጫል፤ ሸክላው ግን በመደባለቅ ብቻ አይለያይም። በተለይ እንደ ፖሊፕሮፒሊን ባሉ ዋልታ አልባ ፖሊመሮች ውስጥ ችግሩ ይብሳል። የሸክላን ርካሽነት ብቻ አይቶ የሚያሰላ ዕቅድ ዋናውን ወጪ፣ ማለትም የማለያየቱን ኬሚስትሪ፣ ከሒሳቡ ውጭ ይተዋል።

ሆኖም ይህን ነጥብ አጥብቆ የሚይዝ ሰው በበኩሉ ሊሳሳት ይችላል። በተለመደው ዘዴ የተደባለቀው ናሙና ጥንካሬው ቢቀንስም፣ ቅርጹን የሚለቅበት ሙቀት ከ65 ወደ 89 ዲግሪ ከፍ ብሏል። የአንድ ቁስ ጠባዮች ሁሉ አብረው አይወጡም፣ አብረውም አይወርዱም፤ «ተሻሻለ» የሚለው ቃል የትኛው ጠባይ እንደ ተለካ ካልተነገረበት ትርጉም የለውም።