ከጥላ ፎቅ እስከ ካታንጋ

ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ታሪክ ይወራ ሲባል ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.። ግብጽ 2 ለ 1 ትመራለች። ሊያበቃ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ ያደርጋል። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ይደግማሉ፤ 4 ለ 2። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ይቀበላል። ቀጥሎ የይድነቃቸው ተሰማ ስም ይነሳል፤ ቀጥሎ ተራኪው ይተነፍስና «ዛሬስ?» ብሎ ያለቅሳል። በየራዲዮው፣ በየመጽሔቱ፣ በየዓመቱ።

ውሸት አለበት አላልኩም። ግን የድሮ ተማሪ እንዲህ ያለ ትረካ ጽፎ ቢያመጣልኝ ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ «ሰዉስ የት ሄደ?» ብዬ እመልስለት ነበር። ንጉሥ አለ፣ ዋንጫ አለ፣ ግብ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ያየው ሕዝብ ግን የለም።

እሱ ሕዝብ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ጽፏል። ወረቀት ላይ ሳይሆን ሲሚንቶው ላይ። እስቲ ስሞቹን ያንብቧቸው፦ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ። ከክቡር ትሪቡን በቀር የቢሮ ሰው ያወጣው የሚመስል አንድም የለም። ጥላ ፎቅ ማለት ጣሪያ ያለው ነው፤ ጥላ በገንዘብ የሚገዛ ነገር መሆኑን በሁለት ቃል ይነግርዎታል። «ከማን አንሼ» ደግሞ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ያውም የተገዳዳሪ። ማንም ያላሳነሰው ሰው እንዲህ አይልም። «ሚስማር ተራ» ቀጥታ ከመርካቶ የመጣ ይመስላል፤ «ተራ» የገበያ ቃል ነውና። ዳፍ የጭነት መኪና ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን ካታንጋ ነው። ካታንጋ በ1952 ዓ.ም. ከኮንጎ ተገንጥያለሁ ያለው ክፍለ ሀገር ነው። በዚያው ቀውስ ጊዜ የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። የራዲዮውን ዜና ሰምቶ፣ የዘመተ ዘመዱን ወሬ ጠብቆ፣ በጣም የሚጮኸውንና የማይገዛውን የስታዲየም ጥግ በዚያ ስም መጥራት፤ ይኼ የአንድ መስመር ፖለቲካዊ ሽሙጥ ነው። ሳንሱር ክፍል አላለፈም፤ ማለፍም አላስፈለገው።

አንድ ተመሳሳይ አለ። የሊቨርፑል ሜዳ «ኮፕ» የሚባለው ጥግ ስሙን የወሰደው ከደቡብ አፍሪካ ኮረብታ ነው፤ ስፒዮን ኮፕ፤ በ1900 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከቦዌሮች ጋር ተዋግቶ ብዙ ሰው ያለቀበት። የሩቅ አፍሪካ ጦርነት፣ የቅርብ ሲሚንቶ። እዚህ እኛ ሰፈር፣ ከሾላ እስከ ኮተቤ ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች የሚታደም ወጣት ስለ ኮፕ ያስረዳዎታል። ካታንጋ ቢሉት ግን ምን እንደሆነ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እንግሊዞች ስለ ኮፕ ጽፈዋል፤ እኛ ስለ ዋንጫው።

ካታንጋ ቅዱስ ቦታ ነበር እያልኩ አይደለም። ስድቡ ጆሮ ያደማ ነበር፤ ድንጋይም የተወረወረበት ቀን አለ። ሴት ልጅ ብቻዋን ገብታ በሰላም የምትወጣበት ቦታም አልነበረም፤ ናፍቆታችን ይህንን መዝለል ይወዳል።

የጠፋው ምን እንደሆነ የታየኝ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከ1954 ጋር የሚያያዝ ቀን ነው፤ ተጋጣሚዋም ያችው ግብጽ። ጨዋታው ግን የ«ባለሜዳዋ» የኢትዮጵያ ሆኖ ሳለ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። የእኛ ሜዳዎች የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት አላሟሉም ተብሎ። ሊሎንግዌ ላይ ጥላ ፎቅም ካታንጋም የለ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 ጥለን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ የነበረውን ጩኸት የሰማ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። የዚያ ጩኸት ባለቤት በ2014 ሶፋ ላይ ነበር።

አሮጌው ስታዲየም ለዓመታት እድሳት ላይ ቆየ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው አደይ አበባ ደግሞ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበ ነው። ሲሚንቶው በወንበር ቢለወጥ፣ ወንበሩ ቁጥር ቢኖረው ደግ ነው፤ ሰው ፀሐይና ዝናብ ይደብድበው የሚል የለም። ነገር ግን በእድሳት ሰነድ ውስጥ «ከማን አንሼ» የሚል መስመር የሚያስገባ መሐንዲስ የለም፤ ሥራውም አይደለም። ሥራው የእኛ የጸሐፊዎቹ ነበር።

ከመገናኛ በቀላል ባቡሩ ወደ ጦር ኃይሎች ሲሄዱ «ስታዲየም» የሚባለው ጣቢያ ላይ የሚወርዱ ሽማግሌ ያጋጥሙዎት ይሆናል። በ1954 አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሰማንያን እየተሻገረ ነው። ካገኟቸው ስለ ዋንጫው አይጠይቋቸው፤ እሱን እናውቀዋለን። የት ተቀምጠው እንዳዩት ይጠይቋቸው።