ከስልኩ በፊት ፋይሉ

አሜሪካ ውስጥ «ቢሉ ኮሌክሽን ገባ» ሲባል የማይደነግጥ የለም። ስለ ዕዳ ሰብሳቢ በጎ የሚያወራም ብዙ አይገኝም። እኔ ግን ለሆስፒታል ያልተከፈለ ሂሳብ የሚያስመልስ ጎበዝ ባለሙያ ሲሠራ ሳይ ደስ ይለኛል። ሙያው የሚለየው ደግሞ ገና ስልኩን ሳያነሳ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ያነባል። ኢንሹራንሱ ለምን እንዳልከፈለ በቁጥር ተጽፎ ይመጣል። 22 ከሆነ ሌላ ከፋይ ኢንሹራንስ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ 29 ከሆነ ሆስፒታሉ የክፍያ ጥያቄውን ያቀረበው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው። ጥድፊያ የለመደ ሠራተኛ ሁለቱንም «አልተከፈለም» ብሎ ወደ ታካሚው ይደውላል። ጎበዙ 29ን ሲያይ እጁን ይሰበስባል፤ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው ሆስፒታል ራሱ ላዘገየው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ታካሚውን ማስከፈል አይችልምና። 22ን ሲያይ ደግሞ ቀድሞ መክፈል ያለበት የትኛው ኢንሹራንስ እንደሆነ አጣርቶ ወደዚያ ይልካል።

የእኛ ሰዎች ፋይል ሲገጥመው ሥራው ይበልጥ ይረቃል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ እናትና ልጅ በወረቀት ላይ ባዕድ ይመስላሉ። ጸጋዬ የሚባል ሰው አንዱ ካርድ ላይ በ«ቲ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ይጀምራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የትውልድ ዘመን ሰውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይመልሰዋል። ባለሙያው የካርዱን ቅጂና የምዝገባ ቅጹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ፊደል በፊደል ያመሳክራል። አንዷ ፊደል ስትታረም ሂሳቡ ከታካሚው ላይ ተነስቶ ኢንሹራንሱ ጋ ይሄዳል፤ ሆስፒታሉም ገንዘቡን ያገኛል። ለእኔ የዚህ ሙያ ቁንጮው ይሄ ነው።

በእውነት የታካሚው የሆነ ዕዳም አለ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 120 ቀን ሳይሞላ መክሰስም ሆነ ክሬዲት ላይ ማስመዝገብ አይችልም፤ ታካሚው ደግሞ የክፍያ እርዳታ ለማመልከት 240 ቀን አለው። ጥሩ ባለሙያ እነዚህን ቀናት ከሂሳቡ ልክ እኩል ያውቃቸዋል። «መቼ ይከፍላሉ?» ከማለቱ በፊት ማመልከቻው መግባቱን ይጠይቃል።

መልእክት ሲተው ስሙንና ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ስለ ሕመምም ስለ ዕዳም አንዲት ቃል የለም፤ ስልኩን የሚሰማው ጎረቤት ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል። ታካሚዋ ስትደውል ማንነቷን አረጋግጦ፣ ዕዳ ሰብሳቢ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ፣ «እናቴ፣ ይሄ ሂሳብ የየትኛው ቀን ሕክምና እንደሆነ ልንገርዎት» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ደንግጣ በወር 200 ዶላር እከፍላለሁ ብትለው አይቀበላትም፤ ከቤት ኪራይ በኋላ ምን እንደሚተርፋት ጠይቆ 40 ያደርገዋል። በሁለተኛው ወር የሚቋረጥ 200 ለማንም እንደማይበጅ ያውቃል።

ስልኩ ከተዘጋም ሥራው አላለቀም። ምን እንደተባለ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚጠበቅ፣ በየትኛው ሰዓት መደወል እንደሚመቻት በአጭሩ ይጽፋል። በማግስቱ ሌላ ሠራተኛ ቢያነሳላት፣ ታሪኳን እንደገና ከሀ ጀምራ አትነግርም።