ሀምፍሪ ቢያሸንፍ ኖሮ

የዴቪድ ሉዊስ «ስለ ዓለማት ብዙነት» (1986፤ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ) ዙሪያ ጥምጥም የማያውቅ መጽሐፍ ነው። «እንዲህ ሊሆን ይችል ነበር» ስንል፣ እንዲህ የሆነበት ሌላ ዓለም አለ ማለታችን ነው ይላል። አለ ሲል ደግሞ የምሩን ነው፤ እንደኛው ድንጋይና ሰው ያለበት፣ ከኛ ጋር ግን በቦታም በጊዜም የማይገናኝ ዓለም። የኛው «እውነተኛው» የሚባለው እኛ ስላለንበት ብቻ ነው፤ «እዚህ» የሚለው ቃል ተናጋሪው በቆመበት እንደሚወሰነው።

ድፍረቱን እወደዋለሁ። ግን ዓለማቱ ላይ ሲያፈጥ ቀስቶቹን የረሳ ይመስለኛል።

ሶል ክሪፕኪ በ1963 ያሳተመው ሐሳብ አጥንቱ ብቻ ሲቀር ሦስት ነገር ነው፦ ነጥቦች፣ ነጥቦቹን የሚያገናኙ ቀስቶች፣ በየነጥቡ የትኛው ዓረፍተ ነገር እውነት እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ። አንድ ነገር እዚህ ነጥብ ላይ «የግድ» የሚሆነው ከዚህ የሚነሱት ቀስቶች በሚደርሱበት ሁሉ እውነት ሲሆን ነው። «ይቻላል» የሚባለው ቢያንስ በአንዱ እውነት ከሆነ። በቃ። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ግራፍ ነው። ነጥቦቹ ምንድን ናቸው የሚለውን ሒሳቡ አይጠይቅም።

ሥራው ያለው ቀስቶቹ ላይ ነው። «ቢሮው መዘጋቱን አውቃለሁ» ካልኩና በእርግጥም ካወቅኩ፣ ቢሮው ተዘግቷል፤ ስለዚህ ለእውቀት እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ራሱ የሚመለስ ቀስት ያስፈልገዋል። «ግብር መክፈል አለበት» ግን ሰውየው ከፍሏል ማለት አይደለም (ቢሆንማ ኖሮ!)። ያንን ቀስት እናነሳዋለን። አማርኛችን ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፦ «ከፍሎ መሆን አለበት» ስንል ያው «አለበት» ነው፣ ግን ግዴታ ሳይሆን ግምት ሆኗል። ቃሉ አንድ፣ ቀስቱ ሌላ። አሚር ፕኑዌሊ በ1977 ይህን ቤተሰብ ወደ ፕሮግራም ሲያመጣው ነጥቦቹ የፕሮግራሙ ሁኔታዎች፣ ቀስቶቹ የጊዜ እርምጃዎች ሆኑ። ፕሮግራሙ ያልደረሰበት ሁኔታ «የት ነው ያለው?» ብሎ የሚጨነቅ ባለሙያ አላየሁም።

ሉዊስ ይህን አላጣውም። ግራፉ የትኛው ክርክር እንደሚያስኬድ ይነግራችኋል፣ «ይቻላል» ምን ማለት እንደሆነ ግን አይነግራችሁም፤ ዓለማቱ የሚያስፈልጉት እዚያ ነው ባይ ነው። እሺ። ግን ዋጋውን እዩት። ሁበርት ሀምፍሪ በ1968 በኒክሰን ተሸነፈ። «ማሸነፍ ይችል ነበር» ስንል፣ ለሉዊስ በሌላ ዓለም ያለ፣ ሀምፍሪን የሚመስል ሰው አሸንፏል ማለት ነው። የክሪፕኪ ተቃውሞ አጭር ነው፦ ሀምፍሪ ስለዚያ ሰው ምን አገባው? ሉዊስ፣ በአምሳያው በኩል «ማሸነፍ ይችል የነበረው» ራሱ ሀምፍሪ ነው ብሎ መልሷል። ቀመሩ ይዘጋል። ቁጭቱ ግን የት ገባ? ሰው የሚቆጨው በራሱ ነው እኮ።

ይሁንና ሦስተኛውን ምዕራፍ ሳታነቡ መጽሐፉን እንዳትዘጉት። ዓለማት ማለት የዓረፍተ ነገሮች ስብስብ ብቻ ናቸው የሚሉትን ይጠይቃቸዋል፦ የትኞቹ ስብስቦች? እርስ በርስ የማይጋጩት። የማይጋጩ ማለትስ? አብረው እውነት ሊሆኑ የሚችሉ። «የሚችሉ» መልሳ በጓሮ በር ገባች። ይሄ ጥያቄ የኔንም ግራፍ አይምረውም፤ የትኛው ነጥብ ይሳል፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ቀስቶቹ አይወስኑልኝም።