«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ»፦ የአውሬ ፊልም ከመሳለሚያ ሲታይ

ባሕር ሳናይ ሻርክ የፈራን ልጆች ነን። ወንዝ ሲባል የምናውቀው ክረምት ካልሆነ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን የከተማ ፍሳሽ ሆኖ ሳለ፣ የአማዞን ዘንዶ እንቅልፍ ነስቶናል። ይህ የሆነው አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ ነው፤ ከእህል በረንዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1990ዎቹ በነበሩት ቪዲዮ ቤቶች። ቤቱ ማለት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ብርድ ልብስ የተጋረደበት አንድ ክፍል ነው። ከፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፣ ከኋላ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚዎች። ውጭ ጤፍ የተጫኑ አህዮች ያልፋሉ። ውስጥ ሰው ይበላል።

ቪዲዮ ቤት የራሱ ሕግ ነበረው። የመጀመሪያው «አክተሩ አይሞትም» የሚለው ነው። የካራቴም ሆነ የተኩስ ፊልም ሲታይ አክተሩ ማን እንደሆነ ገና በአምስተኛው ደቂቃ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭንቀት የይስሙላ ነው። የአውሬ ፊልም ይህን ሕግ አፈረሰብን። ቆንጆዋም፣ ጡንቸኛውም፣ ቀልደኛውም በየተራ ይሄዳሉ። ጥርስ አክተር አይለይም። ከአግዳሚው ሥር የምንገባውም ለዚሁ ነበር፤ ግን ማንም ተነሥቶ አይወጣም።

ገንዘብ ከፍሎ መፍራት ምን ይባላል? ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤቷ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም ያወጣች ከተማ ጥያቄውን ቀድማ አንስታዋለች ማለት ይቻላል። ምሁራን የሰጡት መልስ ብዙ ነው። ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው ድርሳኑ አደጋና ስቃይ ፊት ለፊት ሲመጡ እንደሚያስጨንቁ፣ ራቅ ብለው ሲታዩ ግን አንዳች ደስታ እንደሚሰጡ ጽፏል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል በ1990 በአስፈሪ ጥበብ ላይ ባወጣው መጽሐፍ የሚስበን ራሱ ፍርሃቱ ሳይሆን የማይታወቀውን ፍጡር የማወቅ ጉጉት ነው ይላል። ኮልታን ስክሪቭነርና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2021 ባሳተሙት ጥናት አስፈሪ ፊልም የሚወዱ ሰዎች በኮሮና ወረርሽኝ ወራት ከሌሎች ያነሰ የሥነ ልቦና ጫና እንደታየባቸው አስነብበዋል።

ሦስቱም ስለ ፍርሃት በጥቅሉ ያስረዳሉ፤ አውሬው ላይ ሲደርሱ ግን ይላላሉ። የካሮል ነገር በተለይ ይጎረብጣል። ለእሱ አስፈሪ ፍጡር ማለት ሳይንስ መኖሩን የማይቀበለው ነው፤ ሙት የሚነሣበት፣ ሰው ተኩላ የሚሆንበት ዓይነት። አዞ ግን አለ። አንበሳም አለ። ጅብ እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው በየሌሊቱ ድምፁን የሚያሰማ ጎረቤት ነው። ስለዚህ የአውሬን ፊልም መስህብ ለማስረዳት ሌላ ቁልፍ ያስፈልጋል። እኔ ያገኘሁት አህያዋ ጋ ነው።

ተረቱን የማያውቅ የለም። ጅብ ከወንዙ ራስጌ ሆኖ ይጠጣል፤ አህያ ከግርጌው። «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። አህያዋ ክርክር አልገጠመችም፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ብላ ዘጋችው። ይህን አባባል ዘወትር የምንጠቅሰው ግፈኛን ለመንቀፍ ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠው ግን ውስጡ ልመና አለ። አህያዋ አትብላኝ አላለችም። መበላቱን ተቀብላ፣ በላዩ የሚደረበውን ውሸት ነው የተጸየፈችው። አማርኛ ምክንያትንና ማመካኛን ከአንድ ሥር አብቅሎ እንደ ጠላት ማለያየቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ረሃብ ምክንያት ነው። የደፈረሰ ውሃ ማመካኛ ነው።

የአውሬ ፊልም የሚሸጠው ይህንኑ የአህያዋን ምኞት ነው እላለሁ፤ ማመካኛ የሌለበት አደጋ። መሳለሚያ የመጋዘኑ ኪራይ የሚጨምረው፣ ሚዛኑ የሚጎድለው፣ ዕቃው የሚወረሰው ሁሉ በሆነ ማመካኛ የሆነበት ሰፈር ነው። ቀኑን ሙሉ ማመካኛ ሲሰማ የዋለ ተሸካሚ ማታ ብርድ ልብሱን ገልጦ ሲገባ፣ ከፊቱ የሚያገኘው ምንም ቃል የማይናገር በላተኛ ነው። አያታልለውም፣ አይሰድበውም፣ አያስፈርመውም። በዚህ ውስጥ እረፍት አለ ብል የሚገረም ይኖራል፤ በዚያ ጨለማ የተቀመጠ ግን አይገረምም።

ዘውጉን ዓለም አቀፍ ያደረገውን «ጆስ»ን በዚህ ዓይን እንየው። ስቲቨን ስፒልበርግ ከፒተር ቤንችሊ ልቦለድ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ፊልም ነው። ለቀረጻ የተሠራው መካኒካል ሻርክ የባሕሩ ጨው እየገባ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ አውሬውን ሳያሳይ ማስፈራት ግድ ሆነበት፤ ከውሃ በታች የሚሄድ ካሜራና የጆን ዊሊያምስ ሁለት የሙዚቃ ኖታዎች የሻርኩን ቦታ ያዙ። ሻርኩ ደህና ሆኖ የሚታየው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። የእኛ ሰው ይህን ዘዴ ቀድሞ ያውቀዋል፦ ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል። ተቺዎች ስለዚህ ዘዴ ብዙ ስለጻፉ አልደግመውም።

ብዙ ያልተባለለት የከንቲባው ነገር ነው። ታሪኩ የሚሆንባት ደሴት በበጋ ጎብኚ ትኖራለችና፣ ከንቲባ ቮን የመጀመሪያዋ ልጅ ሞት በጀልባ አደጋ እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ የባሕር ዳርቻውም አይዘጋም። ከዚያ አንድ ሕፃን ይበላል። ሻርኩ በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አላመካኘም፤ ተመራማሪው ሁፐር እንደሚያስረዳው ከመዋኘት፣ ከመብላትና ከመራባት ሌላ ሥራ የለውም። ማመካኛው ሁሉ የተከማቸው መልሕቅ የታተመበት ኮት የለበሰው ሰውዬ ላይ ነው። የጅቡ አፍ ለሁለት ተከፍሏል፦ ጥርሱ ለሻርኩ፣ ምላሱ ለከንቲባው። በመሳለሚያው ቤት ከፍተኛው ጩኸትና ስድብ የሚወርደው ሻርኩ ላይ አልነበረም። እንግሊዝኛ የማይሰማው ሁሉ ከንቲባውን በደንብ ለይቶት ነበር።

«አናኮንዳ» ደግሞ የእኛ ቤት ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ ሉዊስ ሎሳ ያዘጋጀው፣ ጄኒፈር ሎፔዝ፣ አይስ ኪዩብና ጆን ቮይት የሚሠሩበት። እንደ ጥበብ ከ«ጆስ» ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ዘንዶው አንዳንዴ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ይመስላል። ግን የአህያዋን ሕግ ያከብራል። የሚዋሸው፣ የሚያግባባው፣ ሰዎቹን ወደ ጥፋት የሚነዳው እባብ አዳኙ ሴሮን ነው፤ ዘንዶው ይውጣል እንጂ ነገር አይፈልግም። መጨረሻ ላይ ሴሮንን ውጦ መልሶ ሲተፋው፣ ሰውዬው በልጋግ እንደተነከረ ለጄኒፈር ሎፔዝ ይጠቅሳታል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ አመካኝ ተበልቶም አላፈረም ነበርና።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። እንግሊዝኛ አውቃለሁ የሚል ልጅ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይተረጉምልናል። ዘንዶው ሁለተኛውን ሰው ሲያንቅ፣ ልጁ ከራሱ ጨምሮ «ልጇን ገድለውባት ነው፣ ደሟን እየመለሰች ነው» አለ። አንድ ሸክም አውርዶ የገባ ጎልማሳ ከኋላ «ዝም በል አንተ! ምን ያስቀባጥርሃል፣ እባብ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸበት። በአስፈሪ ፊልም ላይ ካነበብኳቸው ትንታኔዎች ይህን ያህል ነጥቡን የመታ አላጋጠመኝም።

ሆሊውድ ያንን ጎልማሳ ቢሰማው ከአንዳንድ ኪሳራ በዳነ። በ1987 የወጣው አራተኛው «ጆስ» ሻርኩን ቂመኛ አደረገው፤ የመጀመሪያው ፊልም ጀግና የነበረውን የሟቹን ፖሊስ ቤተሰብ ከደሴታቸው እስከ ባሃማስ ተከትሎ ይሄዳል። ተቺም ተመልካችም ሳቀበት። በ2022 የወጣውና ኢድሪስ ኤልባ የሠራበት «ቢስት» በሥራ ጥራቱ ከዚያ እጅግ ይሻላል፤ አንበሳው ግን በአዳኞች መንጋውን ያጣ ተበቃይ ነው። ቀና አሳብ ነው፣ የአደንን ግፍ ያጋልጣል። ፍርሃቱን ግን ያሳሳዋል፤ አንበሳው አቤቱታ አቅራቢ ሆኗልና። ከአቤቱታ አቅራቢ ጋር መደራደር ይቻላል። ከተራበ ጋር አይቻልም።

አፍሪካን በሚመለከቱ የአውሬ ፊልሞች ላይ ሌላም ቅሬታ አለኝ። በ1898 ኬንያ ውስጥ ፃቮ በተባለ ቦታ የባቡር ድልድይ ሲሠራ ሁለት አንበሶች ለወራት የሠራተኛ ካምፕ ሲበሉ ከርመዋል። መሐንዲሱ ፓተርሰን በኋላ ላይ 135 ሰው ተበልቷል አለ፤ በ2009 የአንበሶቹን ፀጉርና አጥንት የመረመሩ ሳይንቲስቶች ቁጥሩን ወደ 35 ገደማ አወረዱት። በ1996 ማይክል ዳግላስና ቫል ኪልመር የሠሩበት ፊልም የተበሉትን ሕንዳውያንና አፍሪካውያን የጭንቀት ማሟሟቂያ አድርጎ፣ ፍርሃቱን ለነጮቹ አዳኞች ሰጠ። የፃቮ አንበሶች ጎፈር አልነበራቸውም፤ የፊልሙ ግን ባለ ጎፈር ናቸው። ስድስት ኪሎ ባለ ጥቁር ጎፈሩን አንበሳ እያየን ላደግን እንኳ ይህ መሽቀርቀር በዛ።

አውሬው በእውን ያገኛቸው ሰዎችስ? አውስትራሊያዊቷ ፈላስፋ ቫል ፕላምውድ በ1985 ካካዱ ውስጥ አዞ ሦስት ጊዜ ከውሃ በታች ጎትቷት ተርፋለች። ጋዜጦች ታሪኩን የጭራቅ ወሬ ሲያደርጉት አልወደደችም፤ አዞው እንዳይገደልም ተከራክራለች። የጻፈችው ጭብጥ አጭር ነው፦ ሰው ራሱን የሌላ ፍጡር ምግብ አድርጎ ማሰብ አቅቶታል። የአህያዋና የፕላምውድ አሳብ አንድ ነው ባይባልም ጎረቤታሞች ናቸው።

የእኛም አገር የተገላቢጦሹን ታሪክ ሰጥቷል። በሰኔ 1997 ዓ.ም. ከከፋ፣ ከቢታ ገነት አካባቢ የወጣ ዜና ዓለምን ዞረ፦ ለጋብቻ የተጠለፈችና የተደበደበች የ12 ዓመት ልጅ፣ ጠላፊዎቿን አባርረው ለግማሽ ቀን ያህል በጠበቋት ሦስት አንበሶች መካከል ተገኘች ተባለ። ፖሊስ ተናገረ፣ አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ለቅሶዋ የደቦል ድምፅ መስሏቸው ሊሆን ይችላል አለ፣ ሌሎች ተጠራጠሩ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የሚናው መገላበጥ ነው። በዚያ ዜና ውስጥ ማመካኛ የነበራቸው ወንዶቹ ናቸው፤ ባህል ነው፣ ጋብቻ ነው። አንበሶቹ ግን ምንም አላሉም።

ወደ ጅባችን ልመለስ። የአማርኛ ፊልም ወደ ፍቅርና ኮሜዲ ማዘንበሉ የታወቀ ነው፤ ይህ አገር ግን የጅብ ነገር ሞልቶታል። ሐረር በእጇ ታጎርሰዋለች፣ በአሹራ ዕለትም ገንፎ ታቀርብለታለች። ሌላው «አያ» ብሎ በታላቅ ወንድም ማዕረግ እየጠራ ልጁን ያስፈራራበታል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በትግራይ የጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ፀጉር መርምረው፣ በዐቢይ ጾም ቄራውና ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይተዋል። እኛ ስንጾም አህያ ይበላል። ይህ ምክንያት ነው፤ ማመካኛ አይደለም።

ባለፈው ጾም እህል በረንዳ አጠገብ ከከተማው ዳር የሚመጣ አንድ አህያ ነጂ አነጋግሬ ነበር። የአንዷ አህያው የኋላ ጭን ላይ ፀጉር የማይበቅልበት፣ ቆዳው የተጨማደደ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለ። ጅብ መሆኑን ጠይቄው ራሱን ነቀነቀ። ጭነቱን እያጠበቀ «ልጄ፣ ጅቡ ምን ያጥፋ፤ ሲመሽ ያላስገባኋት እኔ ነኝ» አለኝ። ከዚያ መታ አደረጋትና ሄዱ።

ከዚህ የሚሻል ጽሑፈ ፊልም መነሻ አላውቅም። ጾም፣ ምሽት፣ ያልተዘጋ በረት፣ ከሩቅ የሚሰማ አንድ ድምፅ። ውድ ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ ጅቡ ከድምፁ በቀር ባይታይም ይሻላል። ፊልሙን የምትሠሩ ካላችሁ አንድ አደራ ብቻ አለኝ፦ ጅቡን አታስመካኙት።