የነርሶች ዝለት በመጠይቅ ብቻ ይለካልን?

ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት የሥራ ዝለት መለኪያ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል፤ እነርሱም የስሜት መድከም፥ ከሕመምተኛው በልብ መራቅና በገዛ ሥራ አለመርካት ናቸው። በአገራችንም የነርሶችን ዝለት የሚያጠኑ ሰዎች በዚሁ መጠይቅ ሲሠሩ እናያለን።

ጥቅሙን አንክድም። ነገር ግን መጠይቁ የነርሷን ስሜት እንጂ ያደከማትን ነገር አይጠይቅም። ከጮቄ ተራራ ሥር ወይም ከአባይ ቆላ ሕመምተኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም፤ አስታማሚዎቹ ይከተሉታል። እነርሱን ማስረዳት፥ ማጽናናት፥ አንዳንድ ጊዜም መርዶ መንገር የነርሷ ሥራ ነው። ይህ ሁሉ በመጠይቁ ቦታ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ዝለትን የገለጸው በሽታ ነው ብሎ ሳይሆን፥ በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት ውጤት ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ስሜቷን ብቻ ለክተን ብንመለስ፥ መድኃኒቱ «ታገሺ» የሚል ምክር ይሆናል፤ ጥፋቱም በእርሷ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ተመራማሪ ጓደኞቻችን ከመጠይቁ ጋር ለአንዲት ነርስ በአንድ ተራ ስንት ሕመምተኛ እንደሚደርሳት፥ በወር ስንት ሌሊት እንደምታድር፥ ጓንትና መድኃኒት ስንት ቀን እንደሚጎድል አብረው ይቁጠሩ እንላለን። ስሜት ይመሰክራል፤ የሚፈርደው ግን ቁጥሩ ነው።