የሴንሰር ሥራ በሽቦው ይለያል

«ክሩስኮቱ ላይ የነበረችው መብራት ጠፋች፤ ልጁ እጁ ወርቅ ነው!» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። መብራቷን ለማጥፋት ሙያ አያስፈልግም። ስካነር ሰክቶ ማጥፊያውን መጫን፣ አንዳንዴም የባትሪውን ገመድ ለጥቂት ጊዜ መፍታት ይበቃል። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው። መብራቷ ተመልሳ ስትበራ ባለመኪናው «ሴንሰሩ ፎርጅድ ሆኖ ነው» ይባልና ሌላ ይገዛል፤ ያንኑም ባለሙያ ለጓደኛው ያመሰግናል።

ስካነር የት እንደሚሰካ፣ የትኛው ሴንሰር በስንት ቁጥር ኪያቤ እንደሚፈታ አልናገርም። ያንን ማንኛውም ረዳት ቶሎ ይለምደዋል። የሚያስቸግረው ስካነሩ ያወጣው የብልሽት ኮድ ያላለውን ነገር አለ ብሎ አለመነሳት ነው። ፒ0171 ሲመጣ ኮምፒውተሩ የሚለው «ለቤንዚኑ አየሩ በዝቷል» ነው፤ «ኦክስጅን ሴንሰር ቀይሩ» አላለም። የተሰነጠቀ የአየር ጎማ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሁሉም ያንኑ ኮድ ያወጣሉ። ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ስለተናገረ ይነቀላል።

ከውጭ አገር ቪዲዮ የሚቀዳ ፍርድም አለ። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር 100 ኪሎፓስካል ያህል ማሳየት አለበት ይላሉ። ከባሕር ጠረፍ ላለ ሰው እውነት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ጤናማው ንባብ 76 አካባቢ ነው። 76 አይቶ «ሞቷል» የሚል መካኒክ ደህና ዕቃ ነቅሎ ይጥላል።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። የሠራውን ሰው ማወቅ ከፈለጋችሁ ሴንሰሩን አትዩ፤ እሱን የሠራው ፋብሪካ ነው። ከሴንሰሩ ጀርባ አንድ ስንዝር ያህል ያለውን ሽቦ እዩ። ጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሞበት ካገኛችሁ ሥራው ወድቋል። ከዚህ ደንብ የወጣ ሥራ እስካሁን አላየሁም። ፋብሪካው ሽቦዎቹን አንድ ላይ የሚጠቀልልበትን ጨርቅ መሰል ነገር ከዚህ ጋር እንዳታምታቱ፤ እሱ ሽቦ ይሰበስባል እንጂ ቅጥያ አይደብቅም።

ናስትሮው ስር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጣት የተጠማዘዙ ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ናቸው። የሞተሩ ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፣ ጠርዙ ይላቀቃል። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ዝናብ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ላቫጆ ላይ በግፊት የሚረጨው ውሃ ይገባበታል። መዳቡ አረንጓዴ ይለብሳል። የፊት መብራት ሽቦ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ደብዘዝ ሲል ይታያችሁ ነበር። የሴንሰር ሽቦ የሚያደርሰው ግን መልእክት ስለሆነ ሲበላሽ በዓይን አይታይም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለናስትሮ የተባለ ይመስለኛል።

የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰርን ውሰዱ። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክለታል፤ መስመሩ ላይ በሚቀረው ቮልት ሙቀቱን ያሰላል። በብዙ ቶዮታዎች የሴንሰሩ ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው። የዛገ ቅጥያ ጥቂት መቶ ኦም ከጨመረበት፣ የጋለው ሞተር ለኮምፒውተሩ ገና ያልሞቀ ይመስለዋል። ቤንዚን ይጨምራል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ለሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ብቻ ግን። ሶኬቱ ሲነቀል ስካነሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ማሳየት አለበት። የሶኬቱ ሁለት ጫፎች በቁራጭ ሽቦ ሲገናኙ ወደ 140 አካባቢ መውጣት አለበት። ሁለቱንም ካሳየ ሽቦው ደህና ነው፣ ሴንሰሩን ግዙ። 80 ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ግን ዝገቱን በቁጥር አያችሁት፤ የሚገዛ ሴንሰር የለም።

ኦክስጅን ሴንሰር ላይ የባሰ ይሠራል። ሶኬት የሌለው፣ አራት ሽቦ ብቻ ያለው ሴንሰር ከሶማሌ ተራ ይመጣል፤ የድሮው ሶኬት ተቆርጦ ይቀጠልበታል፤ ቀለም በቀለም። በዴንሶ ሁለቱ ጥቁሮች የማሞቂያው ናቸው፣ ሰማያዊው መልእክቱ፣ ነጩ ግራውንዱ። በቦሽ ሁለቱ ነጮች የማሞቂያው ናቸው፣ ጥቁሩ መልእክቱ፣ ግራጫው ግራውንዱ። ጥቁርን ከጥቁር ያገናኘ ሰው የማሞቂያውን 12 ቮልት ከ1 ቮልት በታች ወደሚሠራ ጫፍ ልኮታል። «በሶልደር ነው የበየድኩት» ብሎ የሚኮራም አለ። ለሌላ ሽቦ አደንቀዋለሁ። ብዙ ኦክስጅን ሴንሰሮች ግን ለማነጻጸሪያ የሚፈልጉትን ንጹሕ አየር የሚያገኙት በሽቦው ውስጥ፣ በመዳቡ ክሮችና በላስቲኩ መካከል ነው፤ ሶልደር ያንን መንገድ ይደፍነዋል። መቀጠል ግድ ከሆነ ተጨምቆ የሚጠብቅ ማገናኛ ይሁን። የሚሻለው ሶኬቱ አብሮት የመጣ ሴንሰር ገዝቶ ምንም አለመቁረጥ ነው።

ለሽቦ እንዲህ ሲጠነቀቁ ያየኋቸው አዛውንት ኤሌትሪሻን በካርቡሬተር ዘመን በፊያት ያደጉ ነበሩ። ኮምፒውተር ያለው መኪና ሲመጣ ብዙ እኩዮቻቸው ሸሹ፤ እሳቸው «ሽቦ ያው ሽቦ ነው» ብለው ቀጠሉ። የሽቦ ላስቲክ በመርፌ የወጋ ረዳት ያን ቀን ቴስተር አይነካም። እሳቸው የሚለኩት በሶኬቱ ጀርባ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ነበር። ግራውንድ ሳይለኩ ሴንሰር አያስገዙም። ሞተሩ እየሠራ ከሴንሰሩ ግራውንድ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ከ0.1 ቮልት በላይ ካዩ፣ ቦዲው ላይ የታሰረውን ኬብል ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ያሹታል። ብዙ መኪና ምንም ዕቃ ሳይገዛለት ከደጃቸው ድኖ ወጥቷል። ደንበኛው ግን «ዕቃ ሳይቀየር ምን እከፍላለሁ?» ብሎ ያጉረመርም ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሌላው የማስታውሳቸው ሰው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሙያ የተማሩ ነበሩ። ሽቦ የሚያስሩት ሰም በነካ ክር፣ ቋጠሮውን እኩል እኩል እያራራቁ ነበር፤ የእሳቸውን ሥራ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሲፈታው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

መኪናችሁን ስትረከቡ የወጣውን ሴንሰር ተቀበሉ። ከመቀየሩ በፊትና በኋላ የተነበበውን ቁጥር ጠይቁ። የተቀየረው ተራው ዓይነት የፊተኛ ኦክስጅን ሴንሰር ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ንባቡ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ቶሎ ቶሎ ሲወጣና ሲወርድ ስካነሩ ላይ እዩ። ከዚያ ሞተሩ ሲበርድ ኮፈኑን አስከፍታችሁ ሽቦውን በእጃችሁ ዳስሱ። አዲስ ናስትሮ ካገኛችሁ እዚያው ይፈታ፤ መካኒኩ አልፈታም ካለ ሒሳቡ ይቆይ።